የጠፋ ጭረትና የተሸፈነ ጭረት

 

የዛሬው ርዕሳችን የመጣው ከሚንበር ሳይሆን ከላቫጆ ነው። የመኪና ቀለም በማሽን ፖሊሽ እያደረገ የሚተዳደር አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ኡስታዝ፣ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ መኪናቸውን የሚያመጡልኝ ሊሸጡት ሲሉ ነው። ጭረቱን አጠፋላቸዋለሁ። አዲስ መስሎ ይወጣል። ብዙ ሳይቆይ ይሸጣል። እኔ የምበላው ሐላል ነው? ወይስ የማታለል ተባባሪ ነኝ?»

ይህ ጥያቄ የአንድ ሙያ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሁላችንም ፖሊሽ እናደርጋለን። እንግዳ ሲመጣ ቤት እናሳምራለን። ለሥራ ስናመለክት ጥሩ ጥሩውን እንጽፋለን። ፎቶ ከመለጠፋችን በፊት ፊታችንን እናስተካክላለን። ለኒካሕ ስንጠየቅ ስለ ራሳችን የምንናገረውን እንመርጣለን። ታዲያ ማሳመር የት ቆሞ ማታለል የት ይጀምራል? ሙእሚን ሰው ጭረቱን ሁሉ የማሳየት ግዴታ አለበት? ወይስ የመሸፈን መብት አለው?

ዓሊሞቻችን በአንድ ነገር ላይ ፍርድ ከመስጠት በፊት የነገሩን ምንነት መረዳት ይቀድማል ይላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ማሽኑ እንሂድ።

▪️ ማሽኑ በእርግጥ ምን ያደርጋል?

የዘመናችን መኪና ቀለም አንድ ሽፋን ብቻ አይደለም። ላሜራው ላይ ዝገት የሚከላከል ሽፋን አለ። ከዚያ በላይ ቀለሙ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋራዦች «ክሊር» የሚሉት እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን አለ። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ይህ ሁሉ ተደምሮ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ቢሆን ነው፤ ከብዙ ሰው የራስ ፀጉር ውፍረት ያንሳል።

ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የሚመስለው ቀጭን ጭረት ያለው እዚሁ ክሊር ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከግጭት ሳይሆን ከእጥበት ነው፦ አሸዋ በያዘ ጨርቅ ከመወልወል፣ አቧራውን በውኃ ሳያርሱ በደረቁ ከመጥረግ።

ብዙ ሰው ፖሊሽ ጭረቱን የሚሞላው ይመስለዋል። እውነተኛ ፖሊሽ ግን አይሞላም። ኮምፓውንዱ ውስጥ ያሉት በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር ጥቂት በጥቂት እየላጉ ጭረቱ እስከደረሰበት ጥልቀት ያወርዱታል። ጉድጓዱ አልተሞላም፤ በዙሪያው ያለው ሜዳ ዝቅ አለ። ቀድሞ በጭረቱ ጠርዝ ላይ ይበታተን የነበረው ብርሃን አሁን ከለሰለሰ ገጽ ላይ ወጥ ሆኖ ይመለሳል። ዓይናችን ይህንን ነው «አንጸባራቂ» የሚለው። ስለዚህ ፖሊሽ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው።

ለዚህም ገደብ አለው። ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አሻግረህ ስትስበው ከያዘህ ጭረቱ በአብዛኛው ፖሊሽ ከሚያጠፋው በላይ ጠልቋል ማለት ነው። ያንን ልላገው ያለ ሰው ክሊሩን ጨርሶ ቀለሙ ላይ ይደርሳል። ጥሩ ባለሙያ ቀለሙ ስስ የሆነባቸውን ጠርዞች በወረቀት ፕላስተር ይሸፍናል፤ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክራል፤ ከሚበቃው ለስላሳ ስፖንጅ ይጀምራል እንጂ ከኃይለኛው አይጀምርም።

ከዚህ የተለየ ሁለተኛ ዓይነት ሥራ አለ። ዘይትና ሰም የበዛበት ቅባት ጭረቱ ውስጥ ይገባና ለጊዜው ይሞላዋል። መኪናው ያበራል። ጥቂት እጥበት ሲያልፍ ግን ጭረቱ እንደነበረ ይመለሳል። ባለሙያዎች ይህን የሚለዩበት ቀላል ዘዴ አላቸው፦ የተሠራውን ቦታ በአልኮል ያብሱታል። ዘይቱ ሲነሳ እውነቱ ይታያል። ጭረቱ ከሌለ ጠፍቷል፤ ካለ ተሸፍኖ ነበር።

ሦስተኛም አለ። የተጋጨ ስፖርቴሎ ወይም ፓራፋንጎ በስቱኮ ይሞላል፣ ይቀባል፣ ከዚያ ከሌላው ቀለም ጋር እንዲመሳሰል ፖሊሽ ይደረጋል። እዚህ ላይ ፖሊሹ የጠገነው ነገር የለም። የተሰጠው ሥራ ዓይን እንዳይጠረጥር ማድረግ ብቻ ነው። ማግኔት ያለው ሰው ግን ሊያውቀው ይችላል፤ ስቱኮው በወፈረበት ቦታ ማግኔቱ አይይዝም።

ገበያ ላይ ሦስቱም «ፖሊሽ የተደረገ» ይባላሉ። በሸሪዓ ሚዛን ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጭረቱን አጥፍቶታል። ሁለተኛው ጭረቱን ደብቆታል። ሦስተኛው ጭረቱን ሳይሆን ታሪኩን ደብቋል።

▪️ ምላሱ ያልዋሸው ነጋዴ

በሙስሊም ሶሒሕ የተዘገበውን የእህል ክምር ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ በአንድ የእህል ክምር ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። እሳቸውም ሰው እንዲያየው የረጠበውን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሰውዬው አንድም የውሸት ቃል አልተናገረም። ያደረገው ነገር ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች መደርደር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ዝናቡ የእርሱ ጥፋት አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለምን ረጠበብህ አላሉትም። የተወቀሰው በጉዳቱ ሳይሆን በአደራደሩ ነው። አንድ ነገር አደራደሩ በራሱ ሊዋሽ ይችላል። መብራቱን አሳምሮ፣ መኪናውን በጥላ ሥር አቁሞ፣ የተጋጨውን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚያሳይ ሰው ዝም ብሎም ብዙ ይናገራል።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን «ተድሊስ» ይሉታል። ቃሉ የሚመጣው ጨለማ ከሚል ሥር ነው፤ ሻጩ ገዢውን ጨለማ ውስጥ አቁሞ ይሸጥለታል። ጥንት ምሳሌው ሳትታለብ የቆየች ግመል ወይም በግ ነበር፦ ጡቷ ታስሮ ወተት ይጠራቀምና ወተታም ትመስላለች። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት መሠረት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ከልክለዋል፤ ገዢውም ከታለበች በኋላ ካልወደዳት የመመለስ መብት ሰጥተውታል። ልብ በሉ፣ ጡቷ ውስጥ የነበረው ወተት እውነተኛ ወተት ነው። ውሸቱ ያለው ወተቱ ስለ ነገ በሚናገረው ነገር ላይ ነው።

በተቃራኒው ማሳመር በራሱ አይወገዝም። አንድ ሰው ልብሱና ጫማው ያማረ እንዲሆን መውደድ ኩራት እንደሆነ በተጠየቁ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ ነግረዋል፤ ኩራት ማለት ግን እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰውን መናቅ እንደሆነ ገልጸዋል። ሐዲሱ በሙስሊም ውስጥ ነው። ስለዚህ ውበትና እውነት ጠላቶች አይደሉም። ውበት የሚበላሸው እውነትን ለመግፋት ሲቀጠር ነው።

▪️ «እንዳለ ነው የሸጥኩት»

ሻጮች የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ «እኔ እንዳለ ነው የሸጥኩት። መካኒክ ይዞ መጥቶ አይቷል። ዓይኑን መክፈት የእርሱ ፋንታ ነው።»

በዚህ አባባል ውስጥ ከፊል እውነት አለ። ማንም ሊያየው የሚችለውን ነገር መናገር ሻጩን አያስገድደውም። ኮፈኑ ላይ በግልጽ የሚታይ ጭረት ገዢው አይቶ የተዋዋለበት ነው። ነገር ግን የተሰወረውንና ሻጩ የሚያውቀውን በተመለከተ ኢማም ማሊክ በሙወጠእ የዘገቡት አንድ ፍርድ አለ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ባሪያ ከማንኛውም ነውር ተጠያቂ አልሆንም በሚል ውል በ800 ድርሃም ሸጡ። ገዢው ያልተነገረው ሕመም እንዳለበት ተናግሮ ወደ ዑሥማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ሄደ። ዑሥማን ለኢብኑ ዑመር ሲሸጡ የሚያውቁት ሕመም እንዳልነበረ እንዲምሉ ጠየቋቸው። ኢብኑ ዑመር መማልን አልፈቀዱም፤ ባሪያውንም መልሰው ወሰዱ። በኋላ እርሳቸው ዘንድ ዳነና በ1500 ድርሃም ሸጡት።

ታሪኩን ያነሳሁት ትርፉን ለማሳየት አይደለም። እውነት የተናገረ ሁሉ በዱንያ እጥፍ ያገኛል ማለት አይቻልም፤ አንዳንዴ እውነት የተናገረ ሰው ይከስራል። ያነሳሁት የዑሥማን ጥያቄ ወዴት እንዳነጣጠረ እንድናይ ነው። ውሉ ምን ይላል አላሉም። ታውቅ ነበር ወይ ነው ያሉት። «እንዳለ» የሚለው ቃል ማንም የማያውቀውን ጉዳት ሊሸከም ይችላል። የምታውቀውን ግን አይሸከምልህም።

ገዢው ማን እንደሆነም አስቡ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ቀድሞ የገቡት መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞሩት። አንዲት ያገለገለች ቪትዝ ለብዙ ቤተሰብ የሥራ መሣሪያ ናት። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚመጣው ዐረብ አገር ሰው ቤት ከምትሠራ እህት ነው። ወንድሜ ታክሲ ሠርቶ ይለወጥ ብላ ዓመታት አጠራቅማ ትልካለች። ወንድሟ ቀኑን ሙሉ ከደላላ ጋር ዞሮ የምታበራዋን መርጦ ይገዛል። የተጋጨ ቻሲ ከሆነ፣ ጎማ በአንድ ጎን እየበላ፣ ጋራዥ እየተመላለሰ ያ ገንዘብ ያልቃል። እንግዲህ የተታለለው ማን ነው? መኪናዋን አይታት የማታውቅ፣ ፎቶዋን ብቻ በስልክ አይታ አልሐምዱሊላህ ያለች ሴት ናት። ሻጩ ስሟን እንኳን አያውቅም። የቂያማ ቀን ግን ሐቋን የምትጠይቀው እርሷ ናት።

▪️ ታዲያ ለምን የራሳችንን ወንጀል እንሸፍናለን?

አሁን አንድ ብልህ ወጣት እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ኡስታዝ፣ ዲናችን የዕቃን ነውር ግለጡ ይላል። ስለ ወንጀላችን ግን ሸፍኑ ይላል። ወንጀሉን ለሰው የሚያወራ ሰው እንደተወቀሰ፣ የወንድሙን ነውር የሸፈነ አላህ እንደሚሸፍንለት በሐዲስ ተምረናል። መኪና ጭረቷን ታሳይ፣ ሰው ግን ይደብቅ ማለት እርስ በርሱ አይጋጭም?»

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በችኮላ ልናልፈው አይገባም።

ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በሙወጠእ እንደተዘገበው አንድ ሰው እህቱን ለጋብቻ ተጠይቆ ሳለ ቀድሞ ዝሙት ላይ ወድቃ እንደነበር ለጠያቂው ተናገረ። ዑመር (ረ.ዐ) ይህን በሰሙ ጊዜ መቱት ወይም ሊመቱት ተቃረቡ፤ ይህን መናገር ምን አገባህ ብለው ገሠጹት። በሌላ በኩል ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ስለ ሁለት ጠያቂዎች ባማከሩ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንደኛው ገንዘብ የሌለው ድኻ እንደሆነ፣ ሌላኛው በትሩን ከትከሻው እንደማያወርድ በግልጽ ነገሯቸው። ይህም በሙስሊም ተዘግቧል። በአንዱ ታሪክ መናገር ጥፋት ሆነ። በሌላው ደግሞ መናገር ነሲሓ ሆነ።

ልዩነቱን ለማየት ወደ መኪናው እንመለስ። ሦስት ጥያቄዎች ይበቁናል።

አንደኛ፦ ጉዳቱ ዛሬ አለ ወይስ የለም? ክሊሩ ላይ ኖሮ በፖሊሽ የጠፋ ጭረት ዛሬ የለም። «እዚህ ጋ ባለፈው ዓመት ጭረት ነበር» ብሎ ለገዢ መናገር ማንንም አይጠቅምም። በስቱኮ ሥር ያለ ግጭት ግን ዛሬም አለ። በእውነት የተመለሰች ሴት የትናንት ወንጀሏ ከእርሷ ጋር የለም፤ የድህነትና የዱላ ጠባይ ግን ወደ ትዳሩ አብረው ይገባሉ። ዕዳ ያለበት፣ የሚተላለፍ ሕመም ያለበት፣ ሌላ ሚስት ያለው ሰው «ነውሬን ሸፈንኩ» ብሎ ዝም ሊል አይችልም። ይህ ሲትር ሳይሆን ስቱኮ ነው።

ሁለተኛ፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በአንተና በአላህ መካከል ያለን ነገር ብትሸፍን ማንም አይከስርም። ሌላ ሰው የሚከፍልበትን ነገር ስትሸፍን ግን የሸፈንከው የራስህን ነውር ሳይሆን የእርሱን ሐቅ ነው።

ሦስተኛ፦ ቢያውቅ ኖሮ ውሳኔው ይለወጥ ነበር? የፊቅህ ሰዎች የዕቃ ነውር የሚሉት በነጋዴዎች ልማድ ዋጋ የሚቀንሰውን ነገር ነው። ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ሲሄድ ልብሳቸውን እየጎተቱ ተከትለው ደረሱበትና ስለ ግመሏ የተነገረው ነገር እንዳለ ጠየቁት። ከዚያም ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ የፈለጋት ብለው ጠየቁ። ለሐጅ ጉዞ እንደሆነ ሲነግራቸው ሰኮናዋ ቀዳዳ እንዳለበት ነገሩት። ሻጩ ግብይቴን አበላሸህብኝ ብሎ ተቆጣ። እርሳቸው ግን ሻጭ የዕቃውን ነውር ሳይገልጽ መሸጥ እንደማይፈቀድለት፣ ነውሩን የሚያውቅ ሌላ ሰውም ዝም ማለት እንደማይፈቀድለት ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ነገሩት። አሕመድና ሓኪም ዘግበውታል። ለሥጋ የተገዛች ግመል ሰኮናዋ ቢቀደድ ምንም አይደለም። መካ የምትሄድ ግመል ግን ሁለመናዋ ሰኮናዋ ነው።

▪️ ለጠየቀው ወንድማችን

ከዚህ በኋላ መልሱ ይቀላል። ወንድሜ፣ ሥራህ በመሠረቱ ሐላል ነው። የቆሸሸን ማንጻት፣ የደበዘዘን ማብራት መልካም ሙያ ነው። መኪናው ሊሸጥ መሆኑ ብቻ ሥራህን ሐራም አያደርገውም። እያንዳንዱን ደንበኛ በመጥፎ መጠርጠርም አልተጠየቅህም። ሥራህን ንጹሕ የሚያደርግልህ ግን ይህ ነው።

የምታጠፋውን አጥፋ፤ የማይጠፋውን አይጠፋም በል። በዘይት ሞልተህ «ጠፍቷል» አትበል። በአልኮል አብሰህ ራስህ እይ፤ ከደንበኛህ በፊት ለራስህ ታማኝ ሁን። ክሊሩ ከብዙ ፖሊሽ የተነሳ ከሳሳ ለባለቤቱ ንገረው፤ አንድ ቀን ደግሞ ብትላገው ቀለሙን የምታወጣው አንተ ነህ። ስስ ክሊርም በራሱ ለገዢ የሚነገር ነውር ነው። የተጋጨ መኪና አምጥቶ «እንዳያውቁ አድርገህ ሥራልኝ» ብሎ በግልጽ የነገረህን ሰው በጨዋ ቋንቋ እምቢ በለው። አላህ በበጎ ነገር እንድንረዳዳ እንጂ በወንጀልና በድንበር ማለፍ እንዳንረዳዳ አዝዞናል። ገዢው መጥቶ «አንተ ነህ የሠራኸው፣ ምን አየህበት?» ብሎ ከጠየቀህ ደግሞ የዋሲላን መንገድ ያዝ።

ይህን በማድረግህ የሚሄዱብህ ደንበኞች ይኖራሉ። አላቃልልብህም፤ የቤት ኪራይ እንዳለብህ አውቃለሁ። ነገር ግን በቡኻሪና ሙስሊም ሐዲስ ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ከገለጹ በግብይታቸው በረካ እንደሚደረግ፣ ከዋሹና ከደበቁ በረካው እንደሚጠፋ ተነግሮናል። በረካ በቁጥር አይታይም። ልክ እንደ ክሊሩ ነው፤ ሲኖር ልብ አትለውም፣ ሲያልቅ ግን ፀሐይና ዝናብ ቀጥታ ወደ ቀለሙ ይገባሉ።

▪️ የልብ ፖሊሽ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገበያ ነው። ጁሙዓ ግን ወደ ልብም የምንመለከትበት ቀን ነው።

ሱረቱል ሙጠፊፊንን ብታነቡ የምትጀምረው በሚዛን የሚያጭበረብሩ ነጋዴዎችን በማስጠንቀቅ ነው። በዚያችው ሱራ በ14ኛዋ አንቀጽ ላይ ሰዎች ይሠሩት የነበረው ነገር በልቦቻቸው ላይ ዝገት ሆኖ እንደጋረዳቸው ተነግሯል። ገበያውና ልቡ በአንድ ሱራ ተገናኙ። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው፦ በሚዛን ላይ የተሠራች ትንሽ ማጭበርበር ሚዛኑ ላይ አትቀርም፤ ልብ ላይ ታርፋለች።

ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ባሪያ ወንጀል ሲሠራ በልቡ ላይ ጥቁር ነጥብ እንደምታርፍ፣ ከተወውና ምሕረት ጠይቆ ከተመለሰ ልቡ እንደሚጠራ፣ ከደጋገመው ግን ነጥቧ እየሰፋች ልቡን እንደምትሸፍነው ተነግሯል። ልቡ «ይጠራል» ለሚለው በዐረብኛው የገባው ቃል «ሱቂለ» ነው፤ ተወለወለና አበራ ማለት ነው። ሰይፍና የጥንት የብረት መስታወት ሲወለወሉ የሚባልላቸው ይኸው ቃል ነው። ከ1400 ዓመት በፊት ተውበት በዚህ ሙያ ቃል ተገለጸ።

በ505 ዓ.ሂ. የሞቱት ኢማም ገዛሊም በኢሕያእ ውስጥ ሁለት የሠዓሊ ቡድኖች የተወዳደሩበትን ምሳሌ አንስተዋል። የሩም ሰዎች በአንድ ግድግዳ ላይ በብዙ ቀለም ሣሉ። የቻይና ሰዎች በትይዩው ግድግዳ ላይ ምንም ሳይሥሉ መወልወል ብቻ ያዙ። መጋረጃው ሲነሳ የተወለወለው ግድግዳ ከፊቱ ያለውን ሥዕል ይበልጥ አንጸባርቆ አሳየ። አንዱ ቡድን ጨመረ፤ ሌላው ቀነሰ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ተውበትም ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ያጠፋል፣ ሌላው ይሞላል። ጭረቱን ሳይነካ በላዩ ላይ ዘይት የሚቀባ ተውበት አለ፦ የሰው ገንዘብ በእጅ ይዞ ኢስቲግፋር ማብዛት፣ እናትን አስከፍቶ ስለ እናት ሐቅ ቆንጆ ጽሑፍ መለጠፍ፣ በሳምንቱ የቀማውን በጁሙዓ ሶደቃ መሸፈን። ጥቂት እጥበት ሲያልፍ ይታያል።

ባለሙያ ከፖሊሽ በፊት መኪናውን ያጥባል። አሸዋ እያለበት ማሽኑን ቢያስነሳ ጭረት ሊያጠፋ ሄዶ ጭረት ይጨምራል። ተውበትም ቅደም ተከተል አላት። ዓሊሞች መሥፈርቶቿን ሲዘረዝሩ ወንጀሉን መተው፣ መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ ይላሉ፤ ወንጀሉ የሰው ሐቅ ከነካ ደግሞ ሐቁን መመለስ ወይም ይቅርታውን ማግኘት። የሸጥከው መኪና ላይ ያልነገርከው ነገር ካለ የገዢው ስልክ ስልክህ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ያ ስልክ ከብዙ ተስቢሕ በፊት ይደወል።

እዚህ ላይ ግን ምሳሌያችን ይቆማል፤ መቆሙም ለእኛ እዝነት ነው። ክሊር ያልቃል። በእያንዳንዱ ፖሊሽ ጥቂት ማይክሮን ይሄዳል፤ ጥቂት ጊዜ ነው የምትላገው። የሰው እምነትም እንደዚያው ነው፤ ደጋግመህ አጥፍተህ ደጋግመህ ይቅርታ የጠየቅኸው ወዳጅ፣ ይቅር ቢልህም እየሳሳ ይሄዳል። ሚስትህ፣ አባትህ፣ የሥራ ባልደረባህ ላይ ያለህን ክሊር በከንቱ አትጨርስ። የአላህ ምሕረት ግን በማይክሮን አይለካም። ሺህ ጊዜ ወድቆ ሺህ ጊዜ ከልቡ የተመለሰ ሰው ከተውበቱ የተነሳ አይሳሳም። አላህ «ለመጨረሻ ጊዜ ነው፣ ከዚህ በኋላ ቀለሙ ይወጣል» አይለንም። ስለዚህ ማንም «እኔ ብዙ ጊዜ ተመልሼ ብዙ ጊዜ ወድቄአለሁ፣ ከእንግዲህ ፋይዳ የለኝም» ብሎ ተስፋ አይቁረጥ።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ገላችንን እንታጠባለን፣ ጥሩ ልብሳችንን እንለብሳለን፣ ሽቶ እንቀባለን፤ ይህ ሁሉ ሱንና ነው። ውጫችንን ስናሳምር አንድ ነገር እናስብ፦ በዚያ ቀን ምሥጢሮች ሁሉ ሲገለጡ የሚያብሰን ነገር ይመጣል፤ ዘይቱ ይነሳል፤ የጠፋውና የተሸፈነው ይለያል። ዛሬ እኛው ራሳችንን ብናብስ ይሻለናል።

አላህ ሆይ፣ ሪዝቃችንን ሐላል አድርግልን፤ በእርሱም አብቃቃን። በሰው ሐቅ ላይ ያረፈ እጃችንን ሳንሞት እንድናነሳ እርዳን። ልቦቻችንን ከዝገት አጥራልን። የተመለስንበትን ነውራችንን በዱንያም በአኺራም ሸፍንልን። በስደት ያሉ እህቶቻችንን ላብ ከአታላይ እጅ ጠብቅላቸው። አሚን።

በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማውረድ አትርሱ። ወላሁ አዕለም።